የሰዓቷ ውለታ

ጂማችን ግድግዳ ላይ የልብ ምት በደቂቃ ሊደርስበት የሚችለውን ጣሪያ የሚያሰላ፣ «220 ሲቀነስ ዕድሜ» የሚል ትልቅ ሰንጠረዥ አለ። ያሰቀለው ማኔጀራችን ነው። ስንቱን ደንበኛ እንዳስደነገጠብኝ የማውቀው ግን እኔ ነኝ።

ሰውዬው ከዋሽንግተን በገቡ ማግስት መጡ። ዕድሜ 52። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ትላለች፤ ከቆላ ለመጣ ሰው የመጀመሪያው ሰሞን ልብ ከወትሮው ፈጠን ብሎ ይመታል። ስለዚህ «ዛሬ እርምጃ ብቻ» ብያቸው ነበር። ማኔጀሩ እንግዳ አክባሪ ነው፤ የትሬድሚሉን ፍጥነት ራሱ ጨመረላቸው።

ትንሽ ቆይቶ ጩኸት ሰማሁ።

«172! ልጄ፣ 172 ገባሁ እኮ! የኔ ጣሪያ 168 ነው!»

«ጋሼ፣ ደረትዎን ያምዎታል? ያዞርዎታል?»

«ምንም። ግን ቁጥሩን አታይም እንዴ?» አሉና ቀጠሉ። የልብ ምት የምትለካው የእጅ ሰዓታቸው ስንት ዶላር እንደወጣባት፣ ልጃቸው ለልደታቸው እንደገዛችላቸው፣ የሐኪም ጓደኛቸው ምክር... ይህን ሁሉ እየሮጡ! ትንፋሽ እንኳ አላጠራቸውም። በዚያ ዕድሜ ልቡ 172 እየመታ እንዲህ የሚያወራ ሰው አላጋጠመኝም።

ኮቴያቸውን በ15 ሰከንድ ቆጠርኩ፤ 43። በ4 ሲባዛ 172። ሰዓቷ የእጃቸውን ውዝዋዜ ይዛ እርምጃቸውን ስትቆጥር ነበር። ማሽኑን አስቁሜ የእጃቸውን አንጓ ያዝኩ፤ በ15 ሰከንድ 35 ምት። ማለትም 140።

«ይቺን የመሰለች ሰዓት እያለች በጣት?» አሉኝ፣ ከላይ እስከ ታች እያዩኝ።

ሰንጠረዡም ቢሆን ፎክስና ሃስኬል በ1971 እ.ኤ.አ. ከተለያዩ ጥናቶች ያሰባሰቡት ግምት መሆኑን፣ ጤነኛ ሰው ከዚያ 10 እና 12 ምት ከፍ ወይም ዝቅ ቢል እንደማይገርም አስረዳኋቸው። ማኔጀሩ ከኋላዬ ጉሮሮውን ጠራረገ።

ሰውዬው አላመኑኝም፤ ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ልባቸው ደህና ነው። ግን ሳያውቁት የኖሩት ደም ግፊት ተገኘባቸው።

«ሰዓቷ ናት ያተረፈችኝ!» እያሉ ተመለሱ። ማኔጀሩ አጨበጨበ። የኔን ጣት ያነሳ የለም።

የታዘዘላቸው መድኃኒት የልብ ምትንም ዝቅ የሚያደርግ ዓይነት ነው። ሰሞኑን ደግሞ ትሬድሚሉ ላይ ሆነው ሰዓቷን ይነቀንቃሉ። «ልጄ፣ 120 አልሞላ አለኝ እኮ! ምን ጉድ ነው?»

ማኔጀሩ ፍጥነቱን ሊጨምርላቸው እጁን ሲዘረጋ ደረስኩበት።