የሉኩ ጀርባ

ዛሬ ከሰዓት አንዲት ተማሪ የዶክትሬት ጥናት ሐሳቧን ይዛ መጣች። ርዕሷ የሩሲያዊው ባለቅኔ የፑሽኪን ቅድመ አያት፣ ከአፍሪካ የመጣው አብራም ጋኒባል ነው። ሩሲያኛዋ ጥሩ ነው። የግርጌ ማስታወሻዎቹ ላይ ስንደርስ ግን ቆምን።

የሩሲያ መዛግብት ሰነድ የሚጠቀሰው በአራት ቁጥር ነው፦ ፎንድ፣ ኦፒስ፣ ዴሎ፣ ሊስት፤ ማለትም ስብስቡ፣ ዝርዝሩ፣ ፋይሉ፣ ሉኩ። ቁጥር የሚሰጠው ለሉኩ እንጂ ለገጽ አይደለም። ስለዚህ ጽሑፉ ከጀርባ ከሆነ ከቁጥሩ ቀጥሎ «ኦብ.» ይጨመራል፤ «ኦቦሮት»፣ ጀርባ ማለት ነው። እሷ ይህችን ዘልላታለች። ቀጥሎ የሚመጣው አጥኚ ፊቱን ብቻ አይቶ «እንዲህ የሚል ነገር የለም» ብሎ ፋይሉን ይመልሳል፤ ድካሟ ሁሉ እዚያው ይቀራል።

ደግሞ የ18ኛው ክፍለ ዘመን የሩሲያ እጅ ጽሑፍ የዛሬውን ሩሲያኛ በማወቅ ብቻ አይነበብም። ከ1918ቱ የፊደል ማሻሻያ ወዲህ የጠፉ ፊደሎች አሉት፤ አንዳንዱ ፊደል ከመስመሩ በላይ ይሰቀላል፣ ቃላት ያጥራሉ። ንባቡን ለብቻው መማር ግድ ነው፤ ከጥናቱ በፊት፣ በጥናቱ መሀል አይደለም።

ጋኒባል በ1742 ባቀረበው ማመልከቻ አፍሪካ ውስጥ «ላጎን» በምትባል ከተማ መወለዱን ጽፏል። የአገሩን ስም አልጠራም። ከዚህች አንዲት ቃል ተነስተው አንዳንዶቹ ወደ ኤርትራ ደጋ፣ ወደ ሎጎ ወሰዱት፤ ሌሎቹ ከቻድ ሐይቅ በስተደቡብ ወዳለችው ሎጎኔ። ጋኒባል የኛ ነው ለማለት የሚፈልግ ሰው ያችን ቃል መጀመሪያ በገዛ ዓይኑ ያንብብ።

ተማሪዋ ማስታወሻዎቿን ሰብስባ ወጣች። ሦስቱ ጀርባ ናቸው፤ አንዱ ገና አልተለየም።