ሱሪውን ሳላስወልቅ

ሰውየው ወደኛ ክፍል ሲገባ ካርዱ ላይ «የልብ ድካም» ተብሎ ተጽፏል። እኔም አመንኩ። ምን ጎድሎት? ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ የሚተኛው ሦስት ትራስ ደርቦ ነው፤ እግሩ አብጧል። ቀኙ ከግራው በለጥ ይላል፤ አይቼ አልፌዋለሁ። ውሃውን በሽንት የሚያስወጣውን መድኃኒት፣ ላሲክሱን፣ ቀጠልኩለት። ትንሽ ሻል ይለውና ተመልሶ እዚያው።

ነገሩ ግን አልገጥም አለኝ። ኤኮው፣ ማለትም የልብ አልትራሳውንዱ ላይ ልቡ ሰፋ ብሏል እንጂ እንደ ጉድ ነው የሚመታው። እጁ ይሞቃል፤ ልቡ ደክሞ ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ይቀዘቅዝ ነበር። የልብ ምቱ 112 ነው። ደም ማነስ ይሆን? የለበትም። ታይሮይዱም ደህና ነው። የቫይታሚን ቢ1 እጥረትም ልብን እንዲህ ያስሮጣል፤ በመርፌ ሰጠሁት፤ ወይ ፍንክች።

በአራተኛው ቀን አንሶላ ልትቀይር የገባችው ሲስተር ጠራችኝ።

«ዶክተር፣ ይሄን ጭን ነክተውታል?»

አልነካሁትም። ቁርጭምጭሚቱን ተጫንኩ እንጂ ሱሪውን አላስወለቅኩም። ቀኝ ጭኑ ላይ አውራ ጣት የምታህል ጠባሳ አለች። ከዓመታት በፊት መስታወት ወግቶት ነው። እጄን ሳሳርፍ ከቆዳው ሥር ቫይብሬት ላይ እንዳለ ስልክ ይንዘረዘራል። ስቴቶስኮፑን ሳደርግበት ሹሹታው ማቆሚያ የለውም።

መስታወቱ ደም ቅዳውንና ደም መልሱን አንድ ላይ ወግቷቸው ኖሯል። ቁስሉ ሲድን ሁለቱ እንደተያያዙ ቀሩ። ስለዚህ ደሙ ታች እግሩን መዞሩን ትቶ በአቋራጭ ይመለሳል፤ ልቡ ደግሞ ጉድለቱን ለመሙላት ይለፋል። አርፎ የተቀመጠ ጤነኛ ሰው ልብ በደቂቃ 5 ሊትር ያህል ደም ይረጫል። እንዲህ ያለ ሰው ላይ ከ8 ሊትር ሊያልፍ ይችላል። ድካም ተባለ እንጂ ልቡስ ያለ እረፍት ሲሠራ ነው የከረመው።

ጠባሳውን በአውራ ጣቴ ጫን አልኩት። ሹሹታው ቆመ። ሲስተር ሞኒተሩን እያየች፣ «104… 93… ኧረ 86!» ለቀቅኩት። ተመልሶ ወጣ። ሐኪሞቹ ኒኮላዶኒ እ.ኤ.አ. በ1875፣ ብራንሃም ደግሞ በ1890 የጻፉት ምልክት ነው። ለፈተና ሸምድጄው ነበር፤ ከፈተናው ጋር ረሳሁት።

ቀዶ ሐኪሞቹ ዘጉለት። ለክትትል ሲመጣ አንድ ትራስ እንደሚበቃው ነገረኝ። ስለ ንዝረቱ ለምን ዝም እንዳለ ጠየቅኩት።

«ጠባሳ ሁሉ እንደዚያ የሚል መስሎኝ ነዋ» አለ። «አሁን ሌሊት ጭጭ ሲል እንቅልፍ ነሳኝ።»