ለአገልግሎት እውቅና ስትሰጡ የስም ዝርዝሩን ለቢሮ አትልቀቁ

የምረቃ ቀን ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። ከፍተኛ ውጤት ያመጣ ሜዳሊያ ያጠልቃል፤ ከሴቶች አንደኛ የወጣች ዋንጫ ትቀበላለች። ይገባቸዋል፤ እኔም አጨበጭብላቸዋለሁ። አዲስ ተማሪ ሲገባ መናኸሪያ ወርዶ ሻንጣ ሲሸከም ያመሸው ልጅ ግን ስሙ አይጠራም። ከጂሲዎች (ከተመራቂ ተማሪዎች) ልብስና ደብተር ሰብስባ ለተቸገሩ ፍሬሾች ስታከፋፍል የኖረችውም አትጠራም።

እኔ በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የበጎ አድራጎት ክበብ ጸሐፊ ነበርኩ። ሦስተኛ ዓመት ላይ ሆነን ይህን ለመቀየር ተነሳን፤ ቀየርነውም። በዚህ እኮራለሁ። መሀል ላይ የተፈጸመው ነገር ግን እስከዛሬ ያናድደኛል። ቀድሞ የነገረን ሰው ቢኖር ኖሮ አንድ ምርጥ ልጅ ያለ አግባብ ባልተገፋ ነበር። በየግቢያችሁ ተመሳሳይ ነገር ለመጀመር ያሰባችሁ ካላችሁ፣ የምጽፈው ለእናንተ ነው።

አጀማመሩ ከባድ አይደለም። አጭር ፕሮፖዛል ጻፍን፣ የክበባት አስተባባሪውን አስፈረምን፣ በመዝገብ ቤት በኩል ለተማሪዎች ዲን አስገባን። ደብዳቤ ስታስገቡ ቁጥሩንና የገባበትን ቀን በእጃችሁ በሚቀረው ኮፒ ላይ አስጽፉ። ያለዚያ መልሱ "አልደረሰንም" ነው። ከዚያ ኮሚቴ ተቋቋመ።

ፕሮፖዛሉን የረዳው ታሪክ ነው። በ1950ዎቹ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ "የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት" የሚባል ፕሮግራም ተጀምሮ ነበር። ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወርዶ ያገለግላል፤ አብዛኛው የሚላከው ለማስተማር ነው። አገልግሎት ያኔ የዲግሪው አካል ነበር። ዛሬም ቢሆን ዩኒቨርሲቲዎች ከመማር ማስተማርና ከምርምር ጎን የማህበረሰብ አገልግሎት ይሰጣሉ፤ የከፍተኛ ትምህርት አዋጁም፣ ቁጥር 1152/2011፣ ይህንኑ ይላል። ሁለቱን ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው "ይሄ ደግሞ ከየት የመጣ ነገር ነው?" የሚለው ጥያቄ ቀረ።

መስፈርቱን አጭር አደረግነው። እጩውን የሚጠቁመው አገልግሎቱን ያገኘ ሰው ነው፤ አለቃው ወይም ጓደኛው አይደለም። ከክበቡ ውጭ የሆኑ ሁለት ምስክሮች ይኖሩታል። የዲሲፕሊን ቅጣት የለበትም። ስለ ግሬድ ምንም አላልንም፤ ሆን ብለን ነው። ግሬድ የራሱ ሜዳሊያ አለው።

ከዚያ እየዞርን ጠየቅን። የካፌ ሠራተኞችን፣ ፕሮክተሮችን (የዶርም ተቆጣጣሪዎችን)፣ የዶርም ጽዳት እናቶችን፣ ፍሬሾችን፣ ዓይነ ስውር ተማሪዎችን። "ማን ነው የረዳችሁ?" ብቻ ነው ጥያቄው። ከሥራው ሁሉ የወደድኩት ይህን ነው። ማይክ ሲይዙ የምናውቃቸው ልጆች ስም ብዙም አልመጣም። የመጣው ጨርሶ የማናውቃቸው ልጆች ስም ነው። ለምሳሌ አንዲት ልጅ ሎከሯ ውስጥ ሁሌም ሞዴስ ታስቀምጣለች። የቸገራት ሁሉ ሌሊትም ቢሆን በሯን ታንኳኳለች። ገንዘቡን ከየት እንደምታመጣው ዶርሜቶቿ እንኳ በደንብ አያውቁም ነበር።

ሌላው አንባቢው ነው። ልጁ የኢንጂነሪንግ ተማሪ ነው፤ የሚያነበው ግን የሕግ ሞጁል ነበር። ሕግ የሚማር አንድ ዓይነ ስውር ተማሪ አለ። ሞጁሎቹ በፎቶ ኮፒ የተባዙ ስለሆኑ የስልኩ የማንበቢያ ፕሮግራም አያነባቸውም። ስለዚህ ልጁ ማታ ማታ ጮክ ብሎ እያነበበ በስልክ ይቀዳለታል። አንዱን ቅጂ አሰምቶኛል። "ገጽ 47፣ ሁለተኛው አንቀጽ" ይላል። የግርጌ ማስታወሻ ሲመጣ ቆም ይልና "ይሄ ከታች ያለ ነው" ብሎ እሱንም ያነባል። ከኋላ የዶርም ጫጫታ ይሰማል። ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል፤ ክበባችን ውስጥም አባል አልነበረም።

ዝርዝሩን አጠናቀን ለተማሪዎች ዲን ቢሮ ላክን። ችግሩ የመጣው እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ ዝም ተባልን። ስንሄድ "ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው" ይሉናል። ኃላፊው ሲገኙ ማህተም ያዥዋ የለችም። እሷ ስትገኝ "ፋይሉ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ነው" ይባላል። ይሄ የተለመደ ስለሆነ ብዙም አልገረመን። ሳምንታት አልፈው ዝርዝሩ ሲመለስ ግን ዓይኔን ማመን አቃተኝ። አንዳንድ ስሞች ላይ በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሯል። ከታች በእጅ ጽሑፍ አዲስ ስሞች ተጨምረዋል። የተጨመሩት የተማሪዎች ህብረት ሥራ አስፈፃሚዎችና የክበብ ፕሬዚዳንቶች ናቸው። ከመካከላቸው በትክክል የለፉ ነበሩ፤ ይህን አልክድም። አንደኛው ክበብ ግን ዓመቱን ሙሉ አንድም ስብሰባ አልጠራም። ፕሬዚዳንቱ የሚታወቀው በቲሸርቱ ነው።

ከተሰረዙት አንዱ አንባቢው ነው። ከስሙ ጎን "ከ3.00 በታች" ተብሎ ተጽፏል፤ ሲጂፒኤውን፣ ማለትም አጠቃላይ አማካይ ውጤቱን ነው።

ኃላፊው ቢሮ ገባሁ። "ዶክተር፣ መስፈርታችን ውስጥ የሲጂፒኤ ነገር የለም" አልኳቸው።

"መስፈርቱን ማን አጸደቀው?" አሉኝ።

"ፕሮፖዛሉ ጸድቋል፤ ፊርማዎ አለበት።"

"ያጸደቅነው ፕሮፖዛሉን ነው። መስፈርቱ አባሪ ነው። አባሪ አላጸደቅንም።"

ይህን ያሉት ሳያፍሩ ነው። እሳቸው የፈረሙበት ወረቀት "ዝርዝር መስፈርቱ በአባሪ ተያይዟል" ይላል። ገጹን ገልጬ አሳየኋቸው። አላዩትም። "ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ተቋም ነው። በውጤቱ አርአያ የማይሆን ልጅ መድረክ ላይ አናወጣም" ብለው ሌላ ወረቀት መፈረም ጀመሩ።

እኔ ይህን አስተሳሰብ አልቀበለውም። ዩኒቨርሲቲው ራሱ 2.00 ያመጣ ተማሪ ይመረቃል ብሏል። ለመመረቅ የበቃ ልጅ ለምስጋና እንዴት አይበቃም? ደግሞ ልጁ ማታ የራሱን ትምህርት ቢያጠና ኖሮ ግሬዱ ከፍ ባለ ነበር። እኛ ልናመሰግነው የፈለግነው በሰጠው ጊዜ ነው፤ እነሱ የሰረዙትም በዚያው ጊዜ ምክንያት ነው።

በማግስቱ የሕግ ተማሪው በዱላው እየተመራ ራሱ ቢሮ ሄደ። አብሬው ገባሁ። ብዙ አልተናገረም። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና አንዱን ቅጂ ከፈተው። የልጁ ድምፅ ቢሮውን ሞላው። ስለ ውል ሕግ ነው የሚያነበው፤ መሀል ላይ ያስለዋል፣ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ይቀጥላል። ኃላፊው ዝም ብለው አዳመጡ። የሕግ ተማሪው "ከፍሬሽ ጀምሮ ያለፍኩት በዚህ ድምፅ ነው። እኔ ተማሪያችሁ ከሆንኩ እሱም አገልጋያችሁ ነው" አላቸው።

የተገኘው ውሳኔ ይህ ነው፦ ሰርተፊኬቱ ይሰጠው፣ መድረክ ላይ ግን አይወጣም።

እንዲህ ያለ ግማሽ ፍትሕ ከሙሉ ክልከላው ይልቅ ያበሳጫል። በምረቃው ቀን በእጅ የተጨመሩት ስሞች በማይክ ተጠሩ፣ ፎቶ ተነሱ። አንባቢው ሰርተፊኬቱን የወሰደው ከቢሮ፣ መዝገብ ላይ ፈርሞ ነው። እናትና አባቱ ከገጠር መጥተው አዳራሹ ውስጥ ነበሩ። "ተወው፣ ለሰርተፊኬት ብዬ አላነበብኩም" አለኝ። እኔ ግን አልተውኩትም።

ብዙ ሰው "በጎ ሥራ ምስጋና አይፈልግም" ይላል። ይህን አባባል ቢሮ ውስጥም ሰምቼዋለሁ፤ እዚያው ቢሮ ግድግዳ ላይ የኃላፊዎች የምስክር ወረቀት በፍሬም ተሰቅሏል። ምስጋና ለአገልጋዩ ብቻ አይደለም። አዲስ የገባው ተማሪ ግቢው ማንን እንደሚያከብር የሚያውቀው መድረክ ላይ ማን እንደሚጠራ አይቶ ነው።

በቀጣዩ ዓመት እኔም ጂሲ ነበርኩ፤ አካሄዳችንን ቀየርን። አንድም ስም ከመሰብሰባችን በፊት መስፈርቱን ለብቻው፣ አባሪ ሳይሆን ራሱን የቻለ ሰነድ አድርገን ኮሚቴው ፊት አቀረብን። ድምፅ ተሰጠበት፣ ቃለ ጉባኤ ተያዘ፣ ማህተም ተመታበት። "ኮሚቴው የለያቸውን ስሞች ማንኛውም ቢሮ ሊቀንስም ሊጨምርም አይችልም" የሚል አንቀጽ አስገባን። ቢሮው "ይሄ አያስፈልግም፣ እንተማመናለን" ብሎን ነበር። ይህን ስትሰሙ እንዳትለሳለሱ። ለህብረቱና ለክበብ መሪዎች ደግሞ የራሳቸው የሆነ የሥራ ዘመን ምስጋና ይሰጣቸው አልን። እንዲህ ስታደርጉ የእናንተን ዝርዝር ለመንካት ምክንያት ያጣሉ፤ የለፋውም መሪ አይበደልም።

እውቅናው በምረቃ መድረክ ይሰጥ የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። የምረቃ መድረክ የእንግዶችና የንግግር መድረክ ነው፤ እዚያ ስም ለማስጠራት ስትለምኑ ዝርዝሩ መልሶ ቢሮ ይገባል። ከምረቃው ሳምንት በፊት ራሱን የቻለ ምሽት አዘጋጁ። እኛ ሰርተፊኬቱን ያሰጠነው በዶርም ጽዳት እናቶችና በካፌ ሠራተኞች ነው። አንዷ እናት ሞዴስ ስታከፋፍል የነበረችውን ልጅ ስታይ እልል አለች፤ አዳራሹ ተከተላት። በግቢ ሕይወቴ ከሁሉ በላይ የምኮራው በዚያ ምሽት ነው።

ብዛቱን አታብዙ። የክበቡ አባል ሁሉ የሚያገኘው ሰርተፊኬት የአባልነት ካርድ ነው።

ዋንጫ አትግዙ። ዋንጫ እንግዛ ካላችሁ ጉዳዩ ግዥ ክፍል ይገባል፣ ሦስት ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) ይጠየቃል፣ የበጀት ዓመቱ ደግሞ ሰኔ 30 ይዘጋል። ግንቦት ላይ ያልጨረሰ ሰው ሰኔ ላይ "ሂሳብ እየዘጋን ነው" ይባላል።

ገንዘቡንም ጉልበቱንም ደብዳቤው ላይ አውሉት። "ላደረጉት አስተዋጽኦ" የሚል ጌጠኛ ወረቀት የትም አያደርስም። ምን እንደሠራ፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ በግምት ስንት ሰዓት፣ ለማን፣ በግልጽ ይጻፍ። የደብዳቤ ቁጥርና ቀን ይኑረው። ለሥራ ወይም ለስኮላርሺፕ ሲያመለክት የበጎ ፈቃድ ሥራው ሊጠቅመው ይችላል። ልጁ ይህን የሚያስረዳበት ወረቀት ከሌለው ግን ልፋቱ በቃል ብቻ ይቀራል። ሬጅስትራር ትራንስክሪፕት ላይ እንዲጽፍላችሁ ብላችሁ ጊዜ አታጥፉ፤ ማህተም ያለው ደብዳቤ ይበቃል።

ደብዳቤው በአማርኛም በእንግሊዝኛም ይዘጋጅ። የእንግሊዝኛው የስም አጻጻፍ ሬጅስትራር ከያዘው ጋር ፊደል በፊደል መመሳሰል አለበት። ዲግሪው ላይ ያለው ስምና ደብዳቤው ላይ ያለው በአንድ ፊደል ከተለያዩ ቀጣሪው ይጠራጠራል፤ ማስተካከያ ፍለጋ ደግሞ እዚያው ቢሮ መመለስ ነው። ከመታተሙ በፊት እያንዳንዱን ተማሪ ጠርታችሁ ስሙን በዓይኑ አይቶ ይፈርም። ዓይነ ስውር ለሆነው ፊደል በፊደል አንብቡለት።