የኤስሞንድ ቤተሰብ፦ ስሙን ሳይሆን ቁጥሩን ተከተሉ

ስለ አየርላንዳዊው ፖለቲከኛ ሰር ቶማስ ግራታን ኤስሞንድ ማንበብ የጀመረ ሰው መጀመሪያ የሚያደናግረው ስሙ ነው። ቤተሰቡ ቶማስና ጆን የሚሉትን ስሞች በየትውልዱ ይደጋግማቸዋል። አንዱን ከሌላው የሚለየው የማዕረጉ ተራ ቁጥር ነው፤ እሱ 11ኛው ባሮኔት (በውርስ የሚተላለፍ የብሪታንያ ማዕረግ ያለው ሰው) ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማዕረጉ በ1629 የተሰጠ ነው። ከአባት ወደ ታላቁ ወንድ ልጅ ይወርዳል፤ ወንድ ልጅ ከሌለ ወደ ወንድም ወይም ወደ ወንድም ልጅ ይዞራል። ቁጥሮቹን በሙሉ አባትና ልጅ አድርጎ የሚቆጥር የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። 9ኛው ባሮኔት፣ እሱም ቶማስ፣ በ1868 ሲሞት ማዕረጉ ለወንድሙ ልጅ ለጆን አለፈ። የኛው ቶማስ የዚህ የ10ኛው ልጅ ነው።

ባሮኔት «ሰር» ይባላል እንጂ ሎርድ አይደለም፤ ስለዚህ እንደዚያን ጊዜዎቹ ሎርዶች በውርስ ወደ ብሪታንያ ፓርላማ አይገባም ነበር፤ መግባት ከፈለገ መወዳደር ነበረበት። ቶማስ አባቱ በ1876 ሲሞት በ14 ዓመቱ ማዕረጉን ወረሰ። ፓርላማ የገባው ግን በ1885 ከደቡብ ደብሊን ተመርጦ ነው። ቀጥሎ ምዕራብ ኬሪን፣ ከ1900 ጀምሮ ደግሞ ሰሜን ዌክስፎርድን ወክሎ በ1918 የነፃነት አቀንቃኙ ፓርቲ ሺን ፌን እስኪያሸንፈው ድረስ ቆየ።

ከሁሉ ይበልጥ ልብ ሊባሉ የሚገባቸው ቅድመ አያቶቹ ናቸው። በእናቱ በኩል ሄንሪ ግራታን ነው፤ በ1782 የአየርላንድ ፓርላማ ሕግ የማውጣት ነፃነቱን ሲያገኝ ትግሉን የመራው። በአባቱ በኩል ደግሞ በብሪታንያ አገዛዝ ላይ በተነሣው በ1798ቱ አመፅ ተሳትፎ ደብሊን ውስጥ ካርላይል ድልድይ ላይ የተሰቀለው ሐኪም ጆን ኤስሞንድ። የ11ኛው ባሮኔት ብሔርተኝነት ከቤቱ የወረሰው ነበር።

በ1922 የአዲሲቱ አየርላንድ ሴናተር ሆነ። በእርስ በርስ ጦርነቱ ከብሪታንያ ጋር የተደረገውን የ1921 ስምምነት የተቃወሙት ታጣቂዎች የሴናተሮችን ቤት ሲያቃጥሉ፣ ጎሬይ አቅራቢያ የነበረው የባሊናስትራ መኖሪያውም በመጋቢት 1923 ጋየ።

በ1935 ሲሞት ማዕረጉ ለልጁ ለኦስሞንድ ደረሰ። እሱ ሳያገባ በዓመቱ ስለሞተ ወደ አጎቱ ሎረንስ፣ በ1943 ደግሞ ወደ ዘመዳቸው ጆን ሊምብሪክ ተሻገረ።

የብሪታንያን ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳይ፣ የቪክቶሪያ መስቀልን፣ የተሸለሙት ሁለቱ ኤስሞንዶች ግን ባሮኔት አልነበሩም። በ1855 በክራይሚያ ጦርነት ላሳየው ጀግንነት በኋላ የተሸለመው ቶማስ የ11ኛው አጎት ነው፤ ስማቸው አንድ ስለሆነ ይምታታሉ። ዩጂን ደግሞ የጆን ሊምብሪክ ወንድም ሲሆን፣ በየካቲት 1942 ስድስት ስዎርድፊሽ አውሮፕላኖችን እየመራ የጀርመን መርከቦችን ሲያጠቃ ሞተ። ስድስቱም አውሮፕላኖች አልተመለሱም።