የንጉሥ ካሌብ ሠራዊት በ28 ሚሊ ሜትር፦ እስካሁን የደረስሁበት

በ525 እ.ኤ.አ. አካባቢ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በዛሬዋ የመን የነበረውን የሒምያርን መንግሥት የወጋውን የአክሱሙን ንጉሥ የካሌብን ሠራዊት፣ 28 ሚሊ ሜትር ያህል ቁመት ባላቸው ምስሎች ለጠረጴዛ የጦር ጨዋታ እያዘጋጀሁ ስለሆነ፣ የጥንት ሠራዊቶችን ለሚሠሩ ወዳጆቼ የደረስሁበትን ላካፍል እወዳለሁ። የምጫወተው በ«ዴ ቤሊስ አንቲኩዊታቲስ» ደንብ ነው። በዚህ ደንብ አንድ ሠራዊት በየመቆሚያቸው ላይ የተለጠፉ 12 የምስል ክፍሎች ብቻ ስላሉት ለእያንዳንዱ ምስል በቂ ጊዜ መስጠት ይቻላል።

መነሻ ያደረግኋቸው የ19ኛው ክፍለ ዘመን የሱዳን መሐዲስት ተዋጊዎችን የሚያሳዩ የፕላስቲክ ምስሎች ናቸው። ጠመንጃ የያዙትን እጆች ትቼ፣ በልብሳቸው ላይ የተጣፉትን እራፊዎች በስለትና በሞረድ አንሥቼ፣ ትከሻ ላይ የሚጣለውን ኩታ ሁለት ክፍሎቹ ሲቀላቀሉ በሚጠነክረው ኢፖክሲ በሚባል ሊጥ እሠራለሁ። መዳፋቸውን በቀጭን መሰርሰሪያ በስቼ የናስ ሽቦ አስገባለሁ፤ የሽቦውን ጫፍ በመዶሻ ጠፍጥፌ በሞረድ ስስለው ጥሩ የጦር ጫፍ ይሆናል። በአክሱም ሳንቲሞችም ሆነ ባነበብኋቸው ጽሑፎች የራስ ቁርና ጥሩር የለበሰ ተራ ወታደር ስላላገኘሁ ለማንም አላለበስሁም። ዛሬ የምናውቀውን ባለ ቀለም ጥለትም በዚሁ ምክንያት ትቼዋለሁ፤ የለመድነው ሁሉ የአክሱም ነው ብሎ መቀባት ለዘመኑ ክብር መንሣት ይመስለኛል።

ለንጉሡ ግን ማስረጃው ሰፊ ነው። በ6ኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው የታሪክ ጸሐፊ ዮሐንስ ማላላስ፣ የቢዛንታይኑ ንጉሠ ነገሥት የዩስጢንያኖስ መልእክተኛ ያየውን ሲያስተላልፍ፣ ንጉሡ ወርቅ የተጠለፈበት የተልባ እግር ልብስና የራስ መጠምጠሚያ ለብሶ፣ በወርቅ የተለበጠ ትንሽ ጋሻና ሁለት ትንንሽ ጦሮች ይዞ፣ አራት ዝሆኖች በሚስቡት ሠረገላ ላይ ቆሞ እንደነበር ይናገራል። ይህ የአቀባበል ሥርዓት እንጂ የውጊያ አሰላለፍ ስላልሆነ ሠረገላውን ትቼ ንጉሡን በእግሩ አቆምሁት። የመጠምጠሚያውን አስተሳሰር ከኋላ የሚወርድ ጥብጣብ ከሚያሳዩት የአክሱም ሳንቲሞች ወሰድሁ፤ ከጎኑም ማላላስ ከጠቀሳቸው ዋሽንት ነፊዎች አንዱን አኖርሁ።

ከሁሉ የበለጠ የደከምሁበት የቆዳ ቀለም ነው። ጥቁር ቡኒ ላይ ጥቂት ቀይ ቀላቅዬ መደቡን ከቀባሁ በኋላ፣ ብርሃን የሚያርፍባቸውን ጉንጭ፣ ትከሻና ጉልበት ብርቱካናማ ቡኒ እየጨመርሁ በስስ ድርብ አወጣቸዋለሁ። ነጭ መቀላቀል ቆዳውን አመድ የነካው ስለሚያስመስለው በፍጹም አልመክርም። መደቡንም ከሰው ሰው ጥቂት መለዋወጥ ሠራዊቱን ሕያው ያደርገዋል። ነጭ ልብስ ደግሞ ከነጭ መጀመር የለበትም፤ ከንጹሕ ነጭ በላይ የሚያደምቅ ቀለም ስለሌለ፣ ከሞቅ ያለ ግራጫ ተነሥቶ ንጹሑን ነጭ ለእጥፋቱ ጫፍ ብቻ መቆጠብ ይሻላል።

የክፍሎቹ መቆሚያዎች 60 ሚሊ ሜትር ስፋት አላቸው፤ ዘመቻው ባሕር ተሻጋሪ ስለሆነ በአሸዋ ሸፍኛቸዋለሁ። አሁን የቀረኝ ደንቡ የሚጠይቀው የጦር ሰፈር ነው። የ6ኛው ክፍለ ዘመን የቢዛንታይን ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒየስ በዚያ ባሕር የሚሄዱ ጀልባዎች ሳንቃቸው በምስማር ሳይሆን በገመድ የተያያዘ መሆኑን ጽፏል፤ እኔም ከድንኳን ይልቅ ወደ ዳር የተጎተተች አንዲት ጀልባ ከቀጭን እንጨት እየሠራሁ፣ ሳንቃዎቹን በክር እየሰፋሁ ነው።