መዝገባቸው የተወገደ ሴቶች፦ የኦስትራቫ ማስታወሻ

ወደ ቼክ ሪፐብሊኳ ኦስትራቫ የሚመጣ እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው በ1998 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሥራ ያቆመውን፣ ዛሬ በትኬት የሚጎበኘውን የቪትኮቪትሴ ብረት ማቅለጫ ነው። እኔ ከፕራግ በባቡር የመጣሁት ግን ያለ ፈቃዳቸው በሐኪሞች መካን የተደረጉ፣ በተለምዶ ጂፕሲ የሚባሉት የሮማ ሕዝብ ሴቶች የገዛ ጉዳያቸውን እንዴት እንዳጠኑ ለመስማት ነበር።

በዕድሜ የገፉ አንዲት እናት ከፌስታል ውስጥ የሆስፒታል ወረቀት አውጥተው አሳዩኝ። ምጥ ላይ ሳሉ የፈረሙት ነው፤ ፊርማቸው ከመስመሩ ወጥቶ ወደ ታች ይንሸራተታል። በአስተርጓሚ በኩል «ልጅሽ እንዲተርፍ ፈርሚ አሉኝ፤ ያን ጊዜ የሞቴንም ወረቀት እፈርም ነበር» አሉኝ። በእስራኤል ለቤተ እስራኤል ሴቶች ይሰጥ የነበረው የወሊድ መከላከያ መርፌ ትዝ አለኝ፤ እዚያም የጤና ሚኒስቴር ሴቲቱ መረዳቷ ሳይረጋገጥ መርፌው እንዳይታደስ ያዘዘው ብዙ ክርክር ከተነሣ በኋላ፣ በጥር 2013 ነበር።

በኮሚኒስቱ ዘመን የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኞች አንዳንዶቹን ሴቶች በገንዘብ፣ ሌሎቹን «ልጆችሽን እንወስዳለን» በሚል ማስፈራሪያ ያስፈርሙ ነበር፤ ሥርዓቱ በ1989 ቢወድቅም ድርጊቱ አልቆመም። ኤሌና ጎሮሎቫ ሁለተኛ ልጃቸውን ሲወልዱ ይህ የደረሰባቸው በ1990 ነው። እሳቸውና ሌሎች ተጎጂዎች «ቭዛየምኔ ሶውዢቲ» በተባለው የከተማዋ ድርጅት ዙሪያ ተሰባስበው ቤት ለቤት ምስክርነት አሰባሰቡ። አስተናጋጆቼ እንደ ነገሩኝ፣ ጠያቂዋ ስለ ቀዶ ጥገናው አታነሣም፤ መጀመሪያ የራሷን ታሪክ ትናገራለች፣ ባል ቤት ካለ ደግሞ ሌላ ቀን ትመለሳለች፤ ከባላቸው ደብቀው የኖሩ አሉና። መጠይቅ ይዞ የሚመጣ የዩኒቨርሲቲ ሰው ይህን ጥንቃቄ ከየት ያመጣዋል?

የሕዝብ እንባ ጠባቂው በ2005 አቤቱታቸውን መርምሮ ድርጊቱን አረጋገጠ፤ መንግሥት በ2009 ማዘኑን ገለጸ፤ ከ1966 እስከ 2012 ለተጎዱት 300,000 ኮሩና ካሣ የሚፈቅደው ሕግ የወጣው ግን በ2021 ነው። ያኔ ብዙዎቹ አርፈው ነበር። ካመለከቱትም ውስጥ የሆስፒታል መዝገባቸው በመወገዱ ውድቅ የተደረገባቸው አሉ። መዝገቡ የነበረው በሆስፒታሎች እጅ ሆኖ ሳለ ሴቶቹን «ማስረጃ አምጡ» ማለት፣ በእኔ እምነት፣ በደሉን መድገም ነው።

አስተናጋጆቼ በማግስቱ በትራም ወደ ሌላ ሰፈር የመሄድ ቀጠሮ ነበራቸው፤ ማመልከቻቸው ከተመለሰባቸው አንዲት ሴት ጋር በአንድ ክፍል ተኝተው የወለዱ፣ ሐኪሙ ያለውን የሰሙ ምስክር ተገኝተዋል።