የ2023 የኤንኤፍኤል ጠንካራ ቡድኖች፦ ሰኞ ጠዋት ሥራ ቦታ ለሚነሣው ክርክር

አሜሪካ የሚኖር ሰው ከመስከረም እስከ የካቲት ሰኞ ጠዋት ሥራ ቦታ የሚሰማው ወሬ አንድ ነው፤ ትናንት ማን አሸነፈ? ፓርኪንግም ሥሩ፣ ሆስፒታልም፣ መጋዘንም፣ ያው ነው። የእኛ ሰው የአርሰናልንና የማንቸስተርን አሰላለፍ ከነተቀያሪው በቃሉ ስለሚያውቅ ክርክር አይቸግረውም። የሚቸግረው የዚህኛውን ጨዋታ፣ የአሜሪካን ፉትቦል፣ ቡድኖች በምን እንደሚመዝን ነው። "ዋንጫ የበላው ይበልጣል" ብሎ መዝጋት ደግሞ አያዋጣም። እ.ኤ.አ. የ2023 የውድድር ዘመን ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው፤ ዋንጫውን የወሰደው ቡድን በእኛ ሚዛን ሦስተኛ ነው።

በኤንኤፍኤል፣ ማለትም በአሜሪካ ፉትቦል ትልቁ ሊግ፣ 32 ቡድኖች አሉ። እያንዳንዱ በ18 ሳምንት ውስጥ 17 ጨዋታ ያደርጋል፣ 14ቱ ወደ ፕሌይኦፍ (ጥሎ ማለፉ) ያልፋሉ፣ ከዚያ በኋላ አንዴ የተሸነፈ ወደ ቤቱ ነው። በእንግሊዝ ሊግ 38 ጨዋታ ስላለ ዕድል በጊዜ ብዛት ይጣራል። በ17 ጨዋታ ግን አይጣራም፤ ሁለት የሳተ ምት የአንድን ቡድን ደረጃ ይገለብጣል። ስለዚህ ካሸነፈው ጨዋታ ብዛት በፊት የነጥብ ክፍያውን ማየት ይሻላል። በኳሱ የግብ ክፍያ እንደምንለው ነው፤ ካስቆጠረው ላይ የተቆጠረበት ሲቀነስ። ቀጥሎ ያ ክፍያ ከማን ላይ እንደተሰበሰበ ይታያል። የመጨረሻውን፣ የ18ኛውን ሳምንት ውጤት ደግሞ በጥርጣሬ እዩት። ቦታው የተረጋገጠለት ቡድን ዋና ዋና ተጫዋቾቹን ያሳርፋል። በዚያ ዓመት የባልቲሞሩ ሬቨንስ ያለ ኳርተርባኩ (ማጥቃቱን የሚመራው ኳስ ወርዋሪ) ላማር ጃክሰን በስቲለርስ 17 ለ 10፣ የሳን ፍራንሲስኮው ፎርቲናይነርስ ያለ ኳርተርባኩ ብሮክ ፐርዲ በራምስ 21 ለ 20 የተሸነፉት በዚህ ምክንያት ነው።

ክፍያ ብቻውን እንዴት እንደሚያታልል ለማየት ከዳላስ ካውቦይስ የተሻለ ምሳሌ የለም። 12 አሸንፎ 5 ተሸነፈ፣ 509 ነጥብ አስቆጥሮ 315 ተቆጠረበት፣ ክፍያው 194። በወረቀት ከሬቨንስ 203 ቀጥሎ ሁለተኛ ነው፤ ፎርቲናይነርስንም በአንድ ነጥብ ይበልጣል። አሁን ነጥቡ ከየት እንደመጣ ቁጠሩ። ጃያንትስን 40 ለ 0፣ እንደገና 49 ለ 17። ፓትሪየትስን 38 ለ 3። ኮማንደርስን 45 ለ 10፣ እንደገና 38 ለ 10። እነዚህ አምስት ጨዋታዎች ብቻቸውን 170 ነጥብ ይሆናሉ። በቀሩት 12 ጨዋታዎች የዳላስ ክፍያ 24 ብቻ ነው፣ በአንድ ጨዋታ ሁለት ነጥብ ማለት ነው። ጃያንትስ በዓመቱ 6 ጨዋታ፣ ፓትሪየትስና ኮማንደርስ ደግሞ አራት አራት ብቻ ነው ያሸነፉት። የዋሽንግተኑ ኮማንደርስ 518 ነጥብ የተቆጠረበት የሊጉ ወንፊት ስለነበር ለዳላስ ብቻ የ63 ነጥብ ክፍያ ለግሷል። ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ያላችሁ የኮማንደርስ ደጋፊዎች፣ ዳላስን የሚያሞግስ የሥራ ባልደረባ ሲገጥማችሁ ይህን ሒሳብ አቅርቡለት።

ሜዳም አለ። ካውቦይስ በሜዳው 8 ተጫውቶ 8ቱንም አሸነፈ፣ ከሜዳው ውጭ 4 አሸንፎ 5 ተሸነፈ። በሳን ፍራንሲስኮ 42 ለ 10፣ በቡፋሎ 31 ለ 10 ተቀጣ። ይባስ ብሎ ፕሌይኦፍ ላይ ያ የማይደፈር ሜዳው ራሱ ተደፈረ፤ ግሪን ቤይ ፓከርስ 27 ለ 0 መርቶ በመጨረሻ 48 ለ 32 አሸነፈው። ስድስተኛ ነው የምናስቀምጠው። የዳላስ ከተማ ወገኖቻችን እንደሚቆጡ እናውቃለን።

አንደኛው ባልቲሞር ሬቨንስ ነው። 13 አሸንፎ 4 ተሸነፈ፣ 483 አስቆጥሮ 280 ብቻ ተቆጠረበት፤ በሊጉ ውስጥ ከሱ ያነሰ የተቆጠረበት የለም። የተቃራኒን ኳርተርባክ 60 ጊዜ ኳስ ሳይወረውር መሬት ላይ ጥሏል፣ በዚህም አንደኛ ነው። ክፍያው ደግሞ የዳላስ ዓይነት አይደለም። ላየንስን 38 ለ 6፣ ሲያትልን 37 ለ 3፣ በፈረንጆች ገና ዕለት ፎርቲናይነርስን በሜዳው 33 ለ 19፣ ከዚያ በሳምንቱ ማያሚን 56 ለ 19 አሸነፈ። ማያሚና ሳን ፍራንሲስኮ የዚያ ዓመት አስፈሪ አጥቂዎች ነበሩ። ፐርዲ በዚያ የገና ምሽት አራት ኳስ ለባልቲሞር ተከላካዮች አስረክቧል። ጃክሰንም የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ ተሸለመ።

ታዲያ ለምን ዋንጫ አልበላም? የኮንፈረንሱ (የሊጉ ግማሽ ክፍል) ፍጻሜ ላይ በራሱ ሜዳ በቺፍስ 17 ለ 10 ተሸነፈ። ምክንያቱ ዕድል ብቻ አይደለም። ሬቨንስ በሩጫ ከሊጉ ሁሉ አንደኛ ሆኖ ሳለ በዚያ ጨዋታ ዋናዎቹ ኳስ ይዘው የሚሮጡ ተጫዋቾቹ ኳሱን ያገኙት 6 ጊዜ ብቻ ነው። ከኋላ ሲሆን ተደናገጠና መወርወር አበዛ። የሬቨንሱ ዜይ ፍላወርስ ወደ ጎሉ መስመር ሲዘረጋ ኳሱን ከእጁ መቱበት፤ በኋላም ጃክሰን ሦስት ተከላካይ ወደከበበው ሰው ወረወረና ተያዘበት። እንዲህ ያለ አንድ መጥፎ ምሽት የ17 ጨዋታን ሥራ አይፍቅም።

ሁለተኛ ሳን ፍራንሲስኮ ፎርቲናይነርስ፣ 12 ለ 5 (12 አሸንፎ 5 ተሸንፎ)፣ ክፍያው 193። በጥቅምት ሦስት ጨዋታ በተከታታይ ሲሸነፍ ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦበት ነበር። ያኔ ግን ዲቦ ሳሙኤል በትከሻ፣ የግራ መስመሩ ምሰሶ ትሬንት ዊሊያምስ በቁርጭምጭሚት ተጎድተው ነበር። ሁለቱ ሲመለሱ ጃክሰንቪልን 34 ለ 3 ደቁሶ ስድስት ጨዋታ በተከታታይ አሸነፈ፤ ከነዚህ አንዱ በፊላደልፊያ 42 ለ 19 ነው። ክርስቲያን ማካፍሪ ብቻውን 21 ታችዳውን (ኳሱን ይዞ የጎሉን መስመር ማለፍ) አስቆጠረ። የሽንፈት ሰንጠረዥ ስታዩ በዚያ ቀን ማን እንዳልተሰለፈ አጣሩ፤ ብዙ ክርክር እዚያው ያልቃል።

አሁን ወደሚያጣላው፣ ካንሳስ ሲቲ ቺፍስ። 11 አሸንፎ 6 ተሸነፈ፣ ክፍያው 77 ብቻ። አጥቂው ክፍል የኳርተርባኩ የማሆምስ ነው ብሎ ማመን እስኪያቅት ድረስ 371 ነጥብ ብቻ አስቆጠረ። ተቀባዮቹ እጃቸው የገባ ኳስ ይጥሉ ነበር። በመክፈቻው ጨዋታ ካዴሪየስ ቶኒ ያመለጠው ኳስ በላየንሱ ብራያን ብራንች ተጠልፎ ታችዳውን ሆነ፣ ቺፍስም 21 ለ 20 ተሸነፈ። ከቡፋሎ ጋር ደግሞ ያው ቶኒ መስመሩን አልፎ ስለቆመ የማሸነፊያው ታችዳውን ተሰረዘ። ቡድኑን የተሸከመው ተከላካዩ ነው፤ የተቆጠረበት 294 ነጥብ ብቻ ነው፣ ከባልቲሞር ቀጥሎ ሁለተኛ።

በፕሌይኦፍ የሄደበት መንገድ ግን የዓመቱ ከባዱ ነው። ማያሚን 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ከዜሮ በታች በሆነ ብርድ 26 ለ 7፣ ቡፋሎን በሜዳው 27 ለ 24፣ ባልቲሞርን በሜዳው፣ ከዚያ በላስ ቬጋስ ፎርቲናይነርስን በኦቨርታይም 25 ለ 22። የቬጋስ የታክሲና የራይድ ሹፌሮቻችን ያን የየካቲት 11፣ 2024 ምሽት አይረሱትም። የሱፐር ቦውሉ (የዋንጫው ፍጻሜ) ጨዋታ ራሱ በክር ላይ የተንጠለጠለ ነበር፤ የሳን ፍራንሲስኮ ተጨማሪ ነጥብ ምት ታገደ፣ የተመታ ኳስ የራሱን ተጫዋች ተረከዝ ነክቶ ለቺፍስ ሆነ፣ ተከላካዩ ድሬ ግሪንሎው ወደ ሜዳ ሲሮጥ ብቻ የተረከዙ ጅማት ተበጠሰ። ሦስተኛ የምንለው ለዚህ ነው። አንደኛ የሚል ሰው ቢመጣ አንጣላውም፤ የዋንጫው ባለቤት ነውና። ዓመቱን ሙሉ ግን ከሁሉ የተሻለ ነበር ካለ ኅዳርና ታኅሣሥን አላየም።

አራተኛ ቡፋሎ ቢልስ። 11 ለ 6 ብቻ ካያችሁ ዝቅ ታደርጉታላችሁ፤ ክፍያው ግን 140 ነው። ስድስቱን ሽንፈቶች ዘርዝሯቸው፦ በ6፣ በ5፣ በ4፣ በ6፣ በ2፣ በ3 ነጥብ። አንዱንም በሰፊ ልዩነት አልተሸነፈም። በዴንቨር የተሸነፈበት ያናድዳል፤ ብሮንኮስ የመጨረሻውን ምት ስተው ቡፋሎ ግን 12 ሰው ሜዳ ላይ አስገብቶ ስለተገኘ ምቱ ተደገመ፣ ገባም፣ 24 ለ 22። ከዚያ በኋላ የማጥቃት አሠልጣኙ ተቀየረና ቡድኑ ዓመቱን አምስት ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ ጨረሰ።

አምስተኛ ዲትሮይት ላየንስ፣ 12 ለ 5። ክፍያው 66 ሆኖ ዳላስን ማስበለጣችን ይገርም ይሆናል። ዳላስ ላይ 20 ለ 19 የተሸነፈበትን ጨዋታ እዩት። 23 ሰከንድ ሲቀር ላየንስ ታችዳውን አስቆጥሮ ለተጨማሪ ሁለት ነጥብ ሞከረ፣ ቁጥር 68 ቴይለር ዴከር ኳሱን ያዘ፣ ማሸነፊያ ሆነ ሲባል ዳኛው ሰረዘው። ከ50 እስከ 79 ቁጥር የለበሰ ተጫዋች ኳስ ለመቀበል አስቀድሞ ለዳኛው ማሳወቅ አለበት፤ ዳኛው ያሳወቀው ቁጥር 70 ነው ብሎ አስታወቀ፣ ላየንስ ደግሞ 68 ነው አለ። በፕሌይኦፍ ፎርቲናይነርስን በሜዳው 24 ለ 7 መርቶ እረፍት ወጣ፣ ከዚያ 27 ነጥብ በተከታታይ ተቆጠረበትና 34 ለ 31 ተሸነፈ። እዚያ ድረስ መምራት የቻለ ቡድን ከዳላስ ይበልጣል።

ሰባተኛ ማያሚ ዶልፊንስ። ክፍያው 105፣ ከዚህ ውስጥ 50ው ዴንቨርን 70 ለ 20 ያደቀቀበት አንድ ከሰዓት ነው። ካሸነፈው የበለጠ የተሸነፈ ቡድን ሲገጥመው አንበሳ ነበር፤ ጠንካራ ሲመጣ ግን ዳላስን ብቻ አሸንፎ አምስት ጊዜ ተሸነፈ። ፊላደልፊያ ኢግልስን ስምንተኛ ያደረግነው ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብለን ነው። 10 አሸንፎ 1 ተሸንፎ የነበረ ቡድን ከመጨረሻዎቹ ስድስት አምስቱን ተሸነፈ፣ የዓመቱ ክፍያው 5 ሆነ፣ ታምፓም 32 ለ 9 አሰናበተው።

ዘጠነኛ ክሊቭላንድ ብራውንስ፣ 11 ለ 6፣ ክፍያው 34። በአንድ ዓመት አምስት ኳርተርባክ አሰልፏል፤ መጨረሻ ላይ ያዳነው በኅዳር የፈረመው የ38 ዓመቱ ጆ ፍላኮ ነው። በፕሌይኦፍ ሂዩስተን 45 ለ 14 ስለቀጣው ከዚህ በላይ ልናወጣው አንችልም። ነገር ግን በመደበኛው ውድድር ሁለቱንም፣ አንደኛ ያልነውን ሬቨንስን 33 ለ 31፣ ሁለተኛ ያልነውን ፎርቲናይነርስን 19 ለ 17፣ ያሸነፈ ቡድን ክሊቭላንድ ብቻ ነው።